እንግዳ ሆነን ያየናት አገር

ከባለቤቴ ከይመር ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ነገር አንሶላ ማጠፍ ነው። ዙሪክ፣ አልትሽቴተን የምንኖርበት የኪራይ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ቀን አለው፤ የእኛ ረቡዕ ነው። ያን ረቡዕ ትልቁን ነጭ አንሶላ ከገመዱ አውርጄ ሁለቱን ጫፎች ሰጠሁት፤ እኔ ሌሎቹን ሁለቱን ይዤ ወደ ኋላ ሄድኩ። ወጥረን አራገፍነው። ለሁለት አጠፍነው። ድሮ ሁለታችንም ተራምደን መሃል ላይ ነበር የምንገናኘው፤ ያን ቀን እሱ ባለበት ቆመ፣ እኔ ወደ እሱ ሄድኩ። ጫፎቹን ከእጁ ስቀበለው «ማዕዘኑ አልገጠመም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልገጠመም። ፈትተን እንደገና አጠፍነው። አርብ ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ አረፈ።

የምጽፈው ግን ስለዚያ አርብ አይደለም። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በመስከረም፣ ሁለታችን ጄኔቫ ሄደን፣ ተመልሰን ደግሞ የራሳችንን ዙሪክ እንደ እንግዳ ስላየንበት ጉዞ ነው። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው። አንዳንድ ቀን አንድ አንቀጽ ይወጣልኛል፤ አንዳንድ ቀን እሱም እንቢ ይላል። እነዚህን ከተሞች ለማየት የምታስቡ ካላችሁ መንገዱን፣ ምግቡንና ቦታውን እንዳየሁት እነግራችኋለሁ። የቀረው የራሴ ነው፤ ከመንገዱ ለይቼ ላወጣው ግን አልቻልኩም።

ለምን እንደወጣን

ዙሪክ ስንገባ ልጃችን ሀያት ገና አልተወለደችም። አሁን እሷ ባል አግብታ በሌላ ሰፈር ትኖራለች። ይመር በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የሠራው አንድ ሥራ ነው፤ ከሩቅ የሚመጡ ባቡሮች ማደሪያቸው ዴፖ ሲገቡ ውስጣቸውን ያጸዳል። እኔ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ነኝ። የምንኖርባትን ከተማ የምናውቃት በማለዳ፣ ሰው ሳይነሳ፣ ወይም ስንመለስ ደክሞን በትራም መስኮት ነው።

ይመር የስዊስን ከተሞች የሚያውቃቸው ሰዎች ወንበር ላይ ትተውት በሚሄዱት ነገር ነበር። ከተራራው የሚመጣው ባቡር ወለሉ ጭቃ ነው፣ ነጠላ ጓንት አይጠፋበትም። ከደቡብ የሚመጣው ፍርፋሪ ይበዛዋል። የጄኔቫው ባቡር የፈረንሳይኛ ጋዜጣ፣ የቸኮሌት ወረቀትና ከሐይቅ ዳር የተለቀመ ጠጠር ይዞ ይገባል። አንዳንዴ ለጎብኚ የሚታደል ባለ ሥዕል የጀርመንኛ ወረቀት ያገኛል፤ እሱን አይጥለውም። አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከትቶ ያመጣልኛል፤ እራት ላይ ያነብልኛል። ካቴድራሉን፣ የአበባውን ሰዓት፣ ከሐይቁ ወደ ሰማይ የሚተኮሰውን ውሃ ከማየታችን በፊት እናውቃቸው ነበር።

እኔ ግን ሐሳቤ ሁሉ ደሴ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ሙሄ እየተቆጣጠረ ያሠራልን ቤት ካለቀ ቆይቷል። ይመር ጡረታ ሲወጣ እንገባለን ብለን ነው የሠራነው። ጡረታው መጣ። ሁለት ሻንጣ አዘጋጅቼ ከቁም ሳጥኑ አጠገብ አቆምኩ። ይመር ቀኑን አይቆርጥም። ስጠይቀው አንድ መልስ ነው ያለው፤ ይህን ሁሉ ዘመን በጓሮ በር ገብተን ወጣን፣ አንድ ጊዜ እንኳ በፊት ለፊት በር እንግዳ ሆነን እንየውና ከዚያ እንነጋገራለን ይላል። ስለዚህ ለእኔ ጉዞው የስንብት ነበር። ከጉዞው መልስ ቀኑን ይቆርጣል፣ አብረን አገራችን እንገባለን ብዬ ነው የወጣሁት። እሱ ግን ሌላ ነገር ይዞ ነበር የወጣው።

ከዙሪክ እስከ ጄኔቫ

ማክሰኞ ጠዋት ተነሳን። ይመር አዲስ ጥቁር ጫማ ገዝቶ ነበር፤ ለዚህ ጉዞ ብሎ። ባቡሩ ውስጥ እንደገባን ከመቀመጡ በፊት ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ሥር አየ፤ ከዚያ እጁን በወንበሩና በመስኮቱ መካከል ባለችው ክፍተት ሰደደ። «ጥሩ ሠርተዋል» አለና ተቀመጠ። በጣቶቹ አቧራ አልወጣም። ከፊት ለፊታችን የተቀመጠች ሴት ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። እኔ አፈርኩ፤ እሱ ደግሞ አላያትም።

ጉዞው ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ያልቃል። እስከ በርን ድረስ አረንጓዴ ሜዳና የእንጨት ቤት ነው። የቀቀልኩትን እንቁላልና ዳቦ አወጣሁ። ይመር ጭኑ ላይ ወረቀት ዘርግቶ ነው የበላው፤ ቅርፊቱን አንድ በአንድ ለቅሞ ወረቀቱን እንደ ደብዳቤ አጥፎ ኪሱ ከተተ። ማንም ምንም ትቶ እንዳይሄድ እኔንም በዓይኑ ይጠብቀኝ ነበር።

በስተግራ እንቀመጥ ያለው እሱ ነው። ሎዛን ከመድረሳችሁ በፊት ባቡሩ አንድ ዋሻ ይገባል፤ ከዋሻው ሲወጣ ሐይቁ በአንድ ጊዜ ከእግራችሁ ሥር ይዘረጋል። ቁልቁለቱ በሙሉ በድንጋይ እርከን የተሠራ የወይን ማሳ ነው፤ ከማዶ ተራሮቹ ቆመዋል። እርከኑን ሳይ ወሎ ትዝ አለኝ። ለይመር ልነግረው ዞር ስል እጁን መስታወቱ ላይ አድርጎ ነበር። ወዲያው ደግሞ አነሳና የእጁን አሻራ በእጅጌው ወለወለው።

ፓኪ

ጄኔቫ ኮርናቫን ጣቢያ ወርዶ በስተግራ ወደ ሐይቁ የሚሄድ ሰው ፓኪን ያገኛል። ርካሽ ሆቴሎች፣ የአረብና የአፍሪካ ሱቆች፣ ከጠዋት እስከ ማታ የማይዘጉ ካፌዎች ያሉበት ሰፈር ነው። እኛ ያረፍንበት ሆቴል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ይመር በየፎቁ መወጣጫ ላይ እየቆመ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል ያያል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ንጹሕ ነው ብሎ መሰከረለት። በዚህ ከተማ ሆቴል ያደረ እንግዳ አውቶቡስና ትራም በነጻ የሚሳፈርበት ካርድ ይሰጠዋል። ይመር ካርዱን ሲቀበል ገለባበጠውና፣ እንግዳ መሆናችን ታወቀ አለኝ። ለቲኬት ተቆጣጣሪ ማሳየት ፈልጎ ሦስት ቀን ሙሉ ጠበቀ፤ ማንም አልጠየቀውም።

ከሆቴሉ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ የእንድሪስ ሱቅ አለ። እንድሪስ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ድሮ ዙሪክ ከይመር ጋር ባቡር ያጸዳ ነበር፤ ሚስቱን ተከትሎ ጄኔቫ ገባ። ከፊት ጤፍ፣ በርበሬና ሐላል ሥጋ ይሸጣል፤ ከኋላ ሦስት ጠረጴዛ ዘርግቶ ያበላል። በሥራ ቦታ ይመርን «ሼሁ» የሚል ስም ያወጣለት እሱ ነው፤ ከወንበር ሥር አንድ ማስቲካ ሲረሱ እንደ ሐራም ስለሚቆጣ።

ገና ከበሩ ሲያየን እጁን በሽርጡ እየጠረገ መጣ። «ሼሁ፣ ባቡሩን ልታጥብ መጣህ ወይስ ልትሳፈር?»

«ተቀምጬ ነው የመጣሁት» አለ ይመር።

«መስኮት አጠገብ?»

«መስኮት አጠገብ።»

«እንግዲያ አሁን ጡረታ መውጣትህን አመንኩ።»

ሩዝ በሥጋ፣ ሰላጣና ሳምቡሳ አቀረበልን። ይመር ግማሹን ተወው። እንድሪስ፣ የጄኔቫን ምግብ የናቀ የዙሪክ ሰው ብሎ ሰደበው። ክፈሉ አላለንም፤ ይመር ሲያስቸግረው፣ ገንዘብህን ይዘህ ሂድ፣ አሮጌው ከተማ ላይ ለሻይ ያስፈልግሃል አለው። እውነቱን ነበር፤ በማግስቱ ለሁለት ሻይ አሥር ፍራንክ ከፈልን።

አሮጌው ከተማ

ረቡዕ ጠዋት በእግር ወጣን። በድልድዩ ስትሻገሩ በስተግራ ውሃው ሲተኮስ ይታያል። ነፋስ ሲያጋድለው ድልድዩ ላይ ያለ ሰው ፊቱ ይረጥባል። የአበባው ሰዓት ወረቀቱ ላይ ካለው ሥዕል ያነሰ ነው፤ አጠገቡ ፎቶ የሚነሳው ሰው ግን ብዙ ነው። እኛም ተነሳን። አንድ መንገደኛ ነው ያነሳን። በፎቶው ላይ ይመር እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጓል፤ ያኔ ፍቅር መስሎኝ ነበር። አሁን ሳየው ተደግፎኝ ነው። ፍቅርም ነው።

ወደ ካቴድራሉ የሚወስደው መንገድ በድንጋይ የተነጠፈ ዳገት ነው። ቤቶቹ ከፍ ያሉና ግራጫ ናቸው፤ ከሥር የመጽሐፍና የአሮጌ ዕቃ ሱቆች አሉ። ይመር በየደቂቃው ይቆማል። ግድግዳ ላይ ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ ባየ ቁጥር ፊት ለፊቱ ቆሞ እስከ መጨረሻው ያነባል። ጽሑፉ ሁሉ ፈረንሳይኛ ነው።

«ፈረንሳይኛ መቼ ተማርክ?» አልኩት።

«ሥዕሉን እያየሁ ነው።»

ሰሌዳው ላይ ሥዕል አልነበረም። ሳቅኩበት። የቀደመ የማወቅ ፍላጎቱ ነው ብዬ አለፍኩ።

ካቴድራሉ በር ላይ ስንደርስ ይመር ከግድግዳው ተጠጋና ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ። ሃይማኖታችን እስልምና ነው፤ ግን ወሎ ያደገ ሰው የቤተ ክርስቲያን ደጅ አዲሱ አይደለም፤ ክርስቲያን አክስት፣ ክርስቲያን አበልጅ የሌለው የለም። መስጊድም ሆነ ቤተ ክርስቲያን፣ ጸሎት የሚደረግበት ቤት በጫማ አይገባም። እኔም ሳላስበው የራሴን አወለቅኩ። ሁለታችን በካልሲ ቆመን ጫማችንን በእጃችን ይዘናል። ውስጥ የምትቆጣጠረው ሴት እየሮጠች መጣች፤ በፈረንሳይኛ ብዙ ተናገረች፤ አንዴ ወደ እግራችን፣ አንዴ ወደ ሰዎቹ እግር እያመለከተች። ሁሉም በጫማው ነው። ይመር በጀርመንኛ፣ «የጸሎት ቤት አይደለም?» አላት። ሴትየዋ ገባት መሰለኝ። ከዚያ ራሷን ነቅንቃ በእጇ ግቡ አለችን።

ካቴድራሉ ውስጡ ባዶ ነው፣ ሥዕል የለውም፤ ብርሃኑ ከላይ ነው የሚመጣው። ወለሉ ላይ የድሮ ሰዎች የመቃብር ድንጋዮች ተነጥፈዋል። ጽሑፋቸው በሰው እግር አልቋል። ጎብኚዎቹ ላያቸው ላይ ይሄዳሉ። ይመር ግን በድንጋዮቹ መካከል ባለው ክፍተት እየመረጠ ነበር የሚራመደው፤ ያ ሰፊ አዳራሽ እንደ ቦይ ዳር ጠባብ ሆነበት። እኔም ተከተልኩት። ወለሉ ይቀዘቅዝ ነበር።

ወጥተን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። እኔ ጫማዬን አደረግኩ። ይመር ይታገላል። እግሩ አልገባም አለ። አዲስ ስለሆነ ነው አለኝ። ጠዋት ገብቶ የለ ወይ ብዬ ፊቱ ተንበረከክኩ። የካልሲው ጠርዝ ቁርጭምጭሚቱን ቆርጦት ነበር። ዝቅ አድርጌ ገለጥኩት። እግሩ አብጦ ይብለጨለጫል። በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ስለቀው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

በመጦሪያው ስንት እንዲህ ያለ እግር አጥቤአለሁ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገኝም። ከበጋው ጀምሮ ካልሲ አድርጎ መተኛቱ፣ ሶፋ ላይ ቀና ብሎ ማንጋቱ፣ በየፎቁ ያየው ሥዕል፣ ያነበበው ፈረንሳይኛ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። የአዲሱን ጫማ ተረከዝ ወደ ውስጥ አጥፌ እንደ ሸበጥ አደረግኩለት። እንዲህ ዓይነት ነገር ሌላ ቀን ቢሆን ያስቆጣው ነበር። ያን ቀን እግሩን ዘረጋልኝ።

ረጅሙ አግዳሚ

ከካቴድራሉ ብዙ ሳይርቅ በዛፎች ሥር የተዘረጋ የእንጨት አግዳሚ አለ። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው፤ ከዚህ ጫፍ ሆኖ የዚያኛው ጫፍ ሰው ፊቱ አይለይም። ሽማግሌዎች፣ ተማሪዎች፣ ሳንድዊች የሚበሉ የቢሮ ሠራተኞች ተቀምጠውበታል። ከሥሩ መናፈሻ ይታያል። እዚያ ተቀመጥን።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ከሰኔ ጀምሮ ያውቃሉ። ልቤ ደክሟል አሉኝ።»

«ለእኔ ሳትነግረኝ?»

«ሻንጣ እያዘጋጀሽ ነበር።» ያበጠ እግሩን ወደ ፊት ዘረጋ። «ደሴ ከፍታ ነው፣ አየሩ ቀጭን ነው፣ ይህ ልብ አይችለውም አለኝ ሐኪሙ። አውሮፕላኑንም አልፈቀደም። ሻንጣውን ባየሁ ቁጥር ነገ እነግራታለሁ እላለሁ።»

አብረን አንገባም ማለት ነው። እንደዚያ ብሎ አልተናገረውም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ኪኒን ሰጥተውት እንደሆነ ጠየቅኩት። ቦርሳው ውስጥ ነው አለኝ። ውሃውን ከሰውነት የሚያስወጣውን ግን ትናንትም ዛሬም አልወሰደውም።

«ለምን?»

«ሽንት ያስቸኩላል። ባቡር ላይ ስንት ጊዜ ልነሳ? ያ ዋሻ ሳላየው እንዳያልፈኝ ብዬ ነው።»

ሳቄ መጣ፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። አጠገባችን የተቀመጡት ሽማግሌ ጋዜጣቸውን ከፍ አድርገው ራሳቸውን ጋረዱ። የዚህ አገር ሰው እንዲህ ነው የሚያዝንልህ።

ይመር እስክረጋጋ ድረስ ጠበቀኝ። ከዚያ ፊት ለፊቱን እያየ፣ «ሬሳዬን ወደ ደሴ እንዳትልኪው» አለኝ። ሰው ተሯሩጦ ሲያዋጣ፣ ሬሳ በጭነት ሲሄድና ቀናት ሲያድር አይቷል፤ እሱ በወጉ ቶሎ መቀበር ነው የሚፈልገው። ሀያትም እዚህ ነች።

እንዲህ አታውራ አላልኩትም። የወሬው ጊዜ እንደሆነ አውቄአለሁ። «እዚህ አገር መቃብርም ኪራይ ነው እኮ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ድንጋዩን ያነሱታል» አልኩት።

«ሃያ ዓመት? ለእኛ እንዲህ ያለ የቤት ውል ማን ሰጥቶን ያውቃል?»

ከዚያ ቀልዱን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ግን ሂጂ ሰአዳ። ቤቱ ያንቺ ነው። እኔን ብለሽ እዚህ እንዳትቀሪ።»

ስልኬን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

ለሀያት ደወልኩ። ሀያት እዚህ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ስትደነግጥ አማርኛዋ ያጥርባትና ጀርመንኛ ትቀላቅላለች። «ማሚ፣ ይሄ ኖርማል አይደለም» አለችኝ። «ባባ ታብሌተኑን፣ ኪኒኑን ወሰደ? አሁን ይውሰድ፣ ሶፎርት። ለዶክተር እኔ እደውላለሁ።» ሐኪሙ ያለውን ብዙም ሳትቆይ መልሳ ነገረችኝ፤ ኪኒኑን ይውጥ፣ እግሩን ከፍ አድርጎ ይተኛ፣ ትንፋሽ ካጠረው ሆስፒታል ሂዱ፣ ካልሆነ ግን ቀስ ብሎ ጉዞውን ይጨርስ። ይመር የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው የሰማው።

ቢጫዋ ጀልባ

ያን ከሰዓት ክፍላችን ውስጥ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ተኛ። እንድሪስ ሸበጥ ይዞ መጣ፤ ከራሱ ሱቅ፣ ሰፊውን መርጦ። የካቴድራሉን ነገር ስነግረው፣ «ሼሁ፣ ከመስጊድ እየቀረህ ካቴድራል ተገኘህ?» ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ የይመርን እግር አየ። ቀልዱን አልጨረሰውም። ሸበጡን ከአልጋው ሥር አስተካክሎ አስቀመጠና ሾርባ ላምጣ ብሎ ወጣ። ደረጃው ላይ ሲያለቅስ ሰምቼዋለሁ።

በማግስቱ እብጠቱ ቀነሰ። ይመር ሸበጡን አድርጎ ወደ ሐይቁ ወረደ። ከፓኪ ዳር ሐይቁን የሚያሻግሩ ትናንሽ ቢጫ ጀልባዎች አሉ፤ የእንግዳው ካርድ ለእነሱም ይሠራል። ማዶ ለመድረስ ሻይ የመጠጫ ጊዜ ያህል እንኳ አይፈጅም። ይመር ማዶ ሲደርስ አልወረደም። ተመለስን። እንደገና ተሻገርን። ጀልባ ነጂው ሦስተኛው ላይ ፈገግ አለ። ዳገት የለ፣ ደረጃ የለ፤ ከተማዋ ራሷ ወደ እሱ ትመጣና ትሄዳለች። ያን ቀን የሆነውን ስጠየቅ ጀልባ ላይ ዋልን እላለሁ። በጉዞው ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ቀን እሱ ነው።

አርብ እንድሪስ ጣቢያ ድረስ ሸኘን። ሁለቱ ተቃቀፉ፤ ብዙ ጊዜ ቆዩ። «ዙሪክ ስትደርስ ወንበሩን ሳታጸዳ ውረድ» አለው። ይመር ቃሉን ሰጠ። አልጠበቀውም። ባቡሩ ሊቆም ሲል ከፊት ለፊታችን የተተወ የቡና ኩባያ አንስቶ ይዞ ወረደ።

የራሳችን ከተማ

ዙሪክን በእግር ሳይሆን በትራም ነው ያየናት፤ ቀን እየመረጥን፣ ይመር ደህና ያደረ ቀን። በአሮጌው ሰፈር በኒደርዶርፍ ጠባብ መንገዶች ጥቂት እንሄድና እንቀመጣለን። ባለ ሁለት ግንብ የሆነውን ቤተ ክርስቲያን፣ ግሮስሙንስተርን፣ ከወንዙ ማዶ ሆነን አየነው። ልግባ ብል ጫማ አወልቃለሁ፣ ጫማ ባወልቅ አንቺ እግሬን ታያለሽ፣ ይቅርብኝ አለ።

መጨረሻ የወጣነው ሊንደንሆፍ ነው። ከወንዙ በላይ ያለ ኮረብታ ነው፤ በትላልቅ ዛፎች የተሞላ ሜዳ፤ ሽማግሌዎች መሬት ላይ በተሠራ ሰሌዳ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቼዝ ይጫወታሉ። ወደዚያ በሚያወጣው ጠባብ መንገድ ግድግዳ ላይ አንድ የድሮ ድንጋይ ቅጂ አለ። አጠገቡ ያለው ጽሑፍ ጀርመንኛ ነበር፤ ይመር በእውነት አነበበው። በሮማውያን ዘመን እዚህ ቀረጥ የሚሰበስብ አንድ ሹም ለሞተበት ሕፃን ልጅ ያስቀረጸው የመቃብር ድንጋይ ነው። የከተማዋ የጥንት ስም ከሁሉ በፊት ተጽፎ የተገኘው በእሱ ላይ ነው።

«ድንጋዩን ከመቃብሩ አንስተውታል» አለ ይመር። «ልጁ ግን ይኸው፣ ቆመን እያነበብነው ነው።»

ከዚያ እጄን ይዞ የቀረውን ዳገት ወጣ። ቼዙን እስከ መጨረሻው አየን። አንዱ ሽማግሌ ንግሥቱን ሲያስበላ ይመር ከተቀመጠበት አንገቱን ነቀነቀ።

ቤት

ጉዞው እዚህ ላይ አለቀ። በኅዳር አንሶላውን አጠፍን፤ አርብ አረፈ፤ ቅዳሜ ቀበርነው። ከሰፈራችን ከአልትሽቴተንም፣ ከሌላው የዙሪክ ሰፈር ከላንግሽትራሰም ሰው መጣ። ቤታችን ጠቦ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። እንድሪስ በመጀመሪያው ባቡር ደረሰ። መቃብሩ ከተማው ዳር ኮረብታ ላይ ነው፤ ለሙስሊሞች የተለየ ቦታ አለው።

ጋሼ ሙሄ በስልክ ብዙ አዘነብኝ። አፈር እንኳ ሳናለብሰው አለኝ፤ እውነት አለው። ከዚያ፣ ኢዳሽን ስትጨርሺ ትመጫለሽ፣ ቤቱ ክፍት ነው አለኝ። እሺ አልኩት። ባል የሞተባት ሙስሊም ሴት የምትጠብቀውን የኢዳውን አራት ወር ከአሥር ቀን ከሥራ በቀር ከቤት ሳልወጣ ቆየሁ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ያኔ ነው። ሻንጣዎቹ ከቁም ሳጥኑ አጠገብ እንደቆሙ ነበሩ። የይመርን ልብስ ሰጠሁ፤ ተረከዙ የታጠፈውን ጫማ ግን ማን ያደርገዋል? በር ላይ ነው።

ኢዳዬ ሲያልቅ መጀመሪያ የሄድኩት ሊንደንሆፍ ነው። ዳገቱን በይመር እርምጃ ወጣሁ፤ ድንጋዩ ጋ ቆሜ አነበብኩ። ከዚያ ወደ መቃብሩ። ሴት መቃብር አትሄድም የሚሉ አሉ፤ እኔ ሄድኩ። ስመለስ ሻንጣዎቹን ፈታሁ። ከጉዞው ምን ተማርሽ ለሚለኝ ይህ ነው፤ ሰው ወገኑን የቀበረበትን አገር ከእንግዲህ በመስኮት አያየውም።

ጋሼ ሙሄ ሲደውል፣ «ጋሼ፣ ቤቱን አከራየው» አልኩት።

እሱም ጠየቀኝ፦ «እስከ መቼ?»

«ድንጋዩ እስኪነሳ» አልኩት። የይመር መቃብር የሃያ ዓመት ኪራይ እንደሆነ አስረዳሁት። እስክጨርስ ሰምቶኝ፣ «እንግዲያ እኔ እመጣለሁ፣ ታሳዪኛለሽ» አለኝ።

አሁንም አልትሽቴተን እኖራለሁ። ከሰኞ እስከ አርብ እሠራለሁ፤ አርብ ከሥራ ስወጣ በትራምና በአውቶቡስ መቃብሩ ጋ እሄዳለሁ። ረቡዕ ማታ ልብስ አጥባለሁ። የአንሶላውን ሁለት ጫፎች በመቆንጠጫ ገመዱ ላይ አሲዤ፣ ሌሎቹን ሁለቱን ይዤ ወደ ኋላ እሄዳለሁ፤ ወጥሬው ወደ ገመዱ ተመልሼ አጥፈዋለሁ። ማዕዘኑ ካልገጠመ ፈትቼ እንደገና አጥፈዋለሁ።